የአባቴ አጥንት ይውጋኝ

ግድቡ ሲሞላ መንደራችንን ከነመቃብሩ ውሃ ይውጠዋል ተባልን። ሽማግሌያችን አያ ፈንቴ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሰብስበው፣ ማንም መንግሥት ወዳዘጋጀልን ሰፈራ እንዳይሄድ እያንዳንዳችንን በአባታችን መቃብር ላይ አስማሉን።

«ለቅቄ ብሄድ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ» አልን። በመጨረሻ እሳቸውም በአባታቸው መቃብር ላይ ተንበርክከው እያለቀሱ ማሉ። እኔ የተመራሁበትን የሰፈራ ቤት ወረቀት እዚያው ቀደድኩት።

ከሰዓት ከባድ ዝናብ ጣለ። ሲያባራ ብመለስ የአያ ፈንቴ አባት መቃብር ተደርምሷል። ሽማግሌው አይተው እንዳያዝኑ አፈር ልመልስበት አካፋ ይዤ ጎንበስ አልኩ።

ለካ ከላይ በእንጨትና በሣር ተሸፍኖ፣ ስስ አፈር ለብሶ ኖሯል። ጉድጓዱ እስከ ሥሩ ይታያል። አጥንት የለበትም፤ የጆንያ አፍ ማሰሪያ ገመድ ብቻ ወድቋል።