እርሾው የተደፋ ዕለት

እማዬ ቡሃቃውን በበረኪና ፈትጋ አጥባ ፀሐይ ላይ ደፍታዋለች።

"እንዴት ነው ናዝሬትዬ፣ አላበራም?" ትለኛለች በኩራት። "ዶክተር ከበበው መካኒሳ ድረስ መጥተው እድፍ ሊያዩ? ሞቼ ነው ቆሜ!"

መምህሬ ዶክተር ከበበው መኪና አቁመው፣ የበረዶ ሳጥን አንጠልጥለው ከኋላዬ እየመጡ ነው።

"እማዬ፣ እርሾውስ?"

"እሱማ ለሰው ዓይን ያስጠላል ብዬ ደፋሁት። እንጀራውን አይደል የምትወስዱት?"

ጥፋቱ የኔ ነው። "እንጀራሽን ልናጠና እንመጣለን" ብዬ ብቻ ነው የደወልኩላት። አሁን ቁጭ ብዬ እነግራታለሁ። እርሾ ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ከራሳቸውም ያነሱ ከረጢቶች ይለቃሉ። ከረጢቶቹ በሽታ ከሚከላከሉት የደም ሴሎቻችን ጋ ሲገናኙ የሴሎቹን ጠባይ ይለውጣሉ። አምና ሳልነግራት ከቀዳሁት እርሾዋ የወጡት የተቆጡ ሴሎችን አረጋግተው ነበር። ልንደግመው ስንል መብራት ጠፍቶ ናሙናው ተበላሸ። ያለ እርሾዋ የሁለት ዓመት ጥናቴ ገደል ገባ፤ ምረቃም የለም።

"የኔ እርሾ?" ትላለች በመገረም። ወዲያው ፊቷ ይጠቁራል። "ወይኔ! ልጄን በገዛ እጄ!"

ኩባያ አንስታ ትወጣለች፤ ወደ ጎረቤታችን ሐሚዳ ቤት። እኔ እደነግጣለሁ። በዝናብ ውሃ መውረጃ ከተጣሉ ወዲህ ሁለቱ ሰላምታም የላቸውም። ሐሚዳ እስከ ዛሬ የምታቦካው ግን ድሮ ከእማዬ በወሰደችው እርሾ ነው። እማዬ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ ትሰጣለች እንጂ ለምና አታውቅም።

በሩ ይከፈታል። እማዬ ኩባያውን ትዘረጋለች።

"ሐሚድዬ፣ ለኔ ብለሽ አይደለም። ለናዝሬት ነው። እርሾ ስጪኝ።"

ሐሚዳ ኩባያውን ታየዋለች። ሳትቀበላት ዞራ ትገባለች። በቃ፣ አለቀልኝ እላለሁ በልቤ።

ተመልሳ ስትወጣ ቡሃቃዋን እንዳለ ተሸክማለች።

"ያ አላህ! ለናዝሬት አንቺ እኔን ትለምኚኛለሽ?" ትላታለች እንባዋ እየወረደ። "እኔስ አላሳደግኋትም?"

እማዬ ቡሃቃውን በወዲህ በኩል ትይዘዋለች፤ ሐሚዳም አትለቅም፤ በላዩ ላይ ይሳሳማሉ። እኔም አለቅሳለሁ።

ዶክተር ከበበው እርሾ ሊቀዱባት ጣት የምታህል ብልቃጥ ይዘው ቆመዋል። መንገድ የሚለቅላቸው የለም።