ከማንጎው ጀርባ ያለው ቤት

«ያኛውንም ቁረጠው አባዬ፤ ወደ በሩ የወረደውን» አለች ልጁ፣ መሰላሉን በሁለት እጇ ጭምድድ አድርጋ ይዛ።

ጡረታ የወጣው ሾፌር መጋዙን አቁሞ ቁልቁል አያት። ፀጉሯ ላይ የእንጨት ብናኝ ተበትኗል። የሰማው ነገር ሊገባው አልቻለም። በሰባት ዓመቷ መጋዙን ፍራሽ ሥር ደብቃ «ዛፉን አታሳምመው» ብላ ያለቀሰችው ይቺው ልጅ አይደለችም እንዴ? ካደገች በኋላም ቢሆን፣ ለመከርከም ብድግ ባለ ቁጥር «ምን አደረገህ? እንደፈለገው ይደግ እንጂ!» እያለች ስትሟገተው ኖራለች። እናቷም ከእሷ ወግና ሁለት ለአንድ ቢሆኑበት፣ «በቃ፣ ጫካ ውስጥ ኑሩ!» ብሎ እጅ ሰጠ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደግሞ መጋዝ ለማንሳት ልብም አልነበረው። ማንጎው የልቡን አደገ። በሩን ሸፈነ፣ መስኮቶቹን ሸፈነ፣ ጣሪያው ላይ ተጋደመ።

ዛሬ ጠዋት ግን አዲስ መጋዝ ገዝታ «አባዬ፣ እንከርክመው» ብላ ከች አለች። ደስ አለው። ለምን ደስ እንዳለው ግን በቅጡ አላወቀውም።

«ይሄ ይበቃል» አለ አሁን። «ከዚህ በላይ ካነሳንለት በሩ ከመንገድ ላይ ይታያል።»

«ይታይ። መስኮቶቹም ይታዩ።»

«ለማን ብለን?» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ትልቁን ቅርንጫፍ ጀመረው። የሰው ጭን ያህል ይወፍራል። መጋዙ ግማሽ ሲደርስ የጎረቤቱ ራስ በግንቡ ላይ ብቅ አለ። ሂሳብ ሲያስተምር ያረጀ መምህር ነው፤ «ቅጠልህ አሸንዳዬን ደፈነው፣ ቁረጥልኝ» እያለ ሾፌሩን ሲነዘንዘው ሦስት ዓመት አለፈው።

«እንኳን ደስ ያለህ መምህር!» አለው ሾፌሩ ከላይ። «አሸንዳህ ዛሬ ተገላገለ።»

መምህሩ ደስ ያለው አይመስልም። መሬት የወደቁትን ቅርንጫፎች አንድ በአንድ አያቸው።

«እንግዲህ ቆርጠሃል ማለት ነው» አለ።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? መጋዙን እያየኸው!»

«ዛፉን አላልኩም። ለመሄድ ቆርጠሃል ወይ ነው የምልህ። ያ ሰውዬ ማክሰኞ ለት መጥቶ ሲለካ እንኳ አላመንኩም ነበር።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ግቢውን በሜትር ሲለካ የነበረው ነዋ፤ አንተ ሐኪም ቤት የሄድክ ቀን። ቤቱን ፎቶ ሊያነሳ ብሎ ዛፉ ቢጋርደው ጊዜ...» መምህሩ ዓይኑ ከመሰላሉ ሥር ከቆመችው ልጅ ላይ ሲያርፍ አፉን ያዘ። «እኔ እኮ የምታውቅ መስሎኝ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ሾፌሩ ልጁን አያት። እሷ የመሰላሉን እግር እያየች ነው።

«እውነት ነው?»

«መጀመሪያ ውረድ አባዬ።»

«እውነት ነው ወይ?»

«አልሸጥኩትም። ያላንተ ፊርማ እንዴት ብዬ? ላስገምተው ብዬ ብቻ ነው።» መሰላሉን ይበልጥ አጥብቃ ያዘች። «መታጠቢያ ቤት ወድቀህ ሲሚንቶ ላይ ያደርክ ለት ሃያ ጊዜ ነው የደወልኩት። ሃያ ጊዜ! ከዚያ ወዲህ ስልክ በጠራ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይላል። እኔ ጋ አንድ ክፍል አለች። ጠበብ ብትልም ፀሐይ ትገባታለች። ልነግርህ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ እንጂ።»

ሊቆጣ ፈለገ፤ ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። ከጀርባው ሰው ማምጣቷን ሲያስብ ደሙ ይፈላል። ሃያ ጊዜ መደወሏን ሲያስብ መልሶ ይበርዳል። ያን ዕለት ወለሉ ላይ ተዘርሮ፣ ስልኩ ሳሎን ውስጥ ሲጮህ፣ ዝም ሲል፣ ደግሞ ሲጮህ ሰምቶታል። ይህንን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

«እሱን ቅርንጫፍ ተወው በቃ» አለች ልጁ። «ባለበት ይሁን። ፎቶውም ይቅር።»

«አዎ፣ ተወው» አለ መምህሩም። «አሸንዳውን እኔ እጠርገዋለሁ።»

ሾፌሩ አንዴ ወደ ግንቡ፣ አንዴ ወደ መሬት አየ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቁረጥ ሲል የኖረው ተወው ይላል። ዕድሜዋን ሙሉ ተወው ስትል የኖረችው ጠዋት ቁረጥ አለች፤ አሁን ደግሞ ተመልሳ ተወው።

«ምን ነካችሁ እናንተ?» አለ። «ግማሹ ከተቆረጠ በኋላ እንዴት ይተዋል? ነገ በራሱ ክብደት ሲገነጠል ግንዱን ልጦት ነው የሚወርደው።»

መጋዙን ገፋው። ለዛፉ ብሎ ይሁን፣ ለልጁ፣ ወይስ ለዚያ ሜትር ይዞ ለመጣ ሰውዬ፣ እሱም አላወቀው። እንጨቱ ተንቋቋ፤ ቅርንጫፉ ቅጠሉን እያንሿሿ ወርዶ ተዘረረ። ግቢው በብርሃን ተሞላ። ቤቱ ወለል ብሎ ታየው፤ የተላላጠው ቀለም፣ ሦስቱ ደረጃዎች፣ ሚስቱ ትቀመጥበት የነበረው መስኮት። ይሄን ያህል ትንሽ ነበር እንዴ? ይሄን ያህልስ ቆንጆ ነበር? ሁለቱንም ሆኖ ታየው።

መጋዙን ለልጁ ቁልቁል አቀበላትና ለመውረድ ዞረ። ዕድሜ ልኩን የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ በመሰላል ሲወጣ ሲወርድ የኖረ ሰው ነው። የትኛው እግር ነበር የሚቀድመው? ቀኙን አነሳና መለሰው። ግራውን አነሳ፤ እግሩ አየር ላይ መርገጫ ሲፈልግ ቆየ።

ሞቅ ያለ እጅ ቁርጭምጭሚቱን ያዘና እግሩን ቀስ አድርጎ መወጣጫው ላይ አሳረፈለት።