በባንክ ዋጋ

አሻግሬ ነቀምቴ ውስጥ ያልረገጠው ባንክ አልነበረም። ፓስፖርት፣ ቲኬት፣ የናይሮቢው ሆስፒታል ደብዳቤ፤ የተጠየቀውን ሁሉ አሟልቷል። መልሱ ግን የትም አንድ ነው፤ «ዶላር ሲገባ እንደውልልሃለን።» ከሚስቱ ከሂሩት በቀር የደወለለት ሰው የለም።

ያስቸኮለው የልጁ የቀለሟ ዓይን ነው። ግራው ከጠፋ ቆይቷል፣ ቀኙም ከቀን ወደ ቀን እየደበዘዘ ነው። ሐኪሙ ክረምቱ ሳይወጣ ካልታከመች ተስፋ እንደሌላት ነግሮታል። ሆስፒታሉ ደግሞ ቅድሚያ ክፍያውን በዶላር ካልተቀበለ አያስተኛም። በጥቁር ገበያ እንዳይገዛ፣ አናጢ ነውና መጋዝና መላጊያውን ቢሸጥ እንኳ አይሞላለትም።

መላውን ያመጣው ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ ከሥራ ቤቱ አጠገብ ሚስማር የሚሸጠው ተረፋ ነው።

«አንድ የአርጆ ልጅ አለ፣ ኢቢሳ የሚባል። ናይሮቢ ይነግዳል። አንተ ብሩን እዚህ ለእናቱ ትሰጣለህ፣ እሱ ዶላሩን እዚያ በእጅህ ያስረክብሃል። በባንክ ዋጋ!»

«በባንክ ዋጋ? ጥቁር ገበያው እንደዚያ እየከፈለ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ወንድሜ፣ ኦቦሌሳ ኮ! ደውለህ ራሱን ጠይቀው።»

ማታ ቤቱ፣ ቀለሟ እየሰማች፣ ደወለ። ያነሳው ሰው ጨዋ ነው፤ ዋጋ ላይም አልተከራከረም። አንድ ነገር ብቻ ለመነው።

«ከናይሮቢ ስትመለስ አርጆ ድረስ ሄደህ እናቴን በአካል አግኝልኝ። በስልክ አይሆንም።»

ይህ ምን ይከብዳል ብሎ አሻግሬ እሺ አለ።

በማግስቱ ብሩን ይዞ አርጆ ሲደርስ የኢቢሳ እናት አዴ ድርቤ «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ» እያሉ በር ላይ ተቀበሉት። ጎጆዋቸው የሣር ክዳን ነው፤ ከጎኑ ግን አዲስ የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ተተክለዋል። ግድግዳው ላይ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት የአንድ ፍንጭት ወጣት ፎቶ ተሰቅሏል።

«ለመንገዱ ሁለቱን በሬዎቼን ሸጥኩለት። ቆርቆሮ ቤት እሠራልሻለሁ ብሎኝ ነበር የሄደው። ይኸው አልረሳኝም ልጄ፣ ኢልመ ኮ።»

«ፎቶ ይልክልዎታል?»

«ድሮ ይልክ ነበር። ሦስት ዓመት ሆነው፣ የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል ይላል። አነጋገሩም የቦረና ሆኗል። አብሯቸው ስለሚኖር ነው መሰል» ብለው ሳቁ።

አሻግሬም አብሮ ሳቀና ያለውን ብር ሁሉ አስረከበ። ሚኒባስ ውስጥ ሲገባ ግን ሳቁ ጠፋ። ካሜራው ሦስት ዓመት ሙሉ የተበላሸበት ነጋዴ ምን የሚሉት ነጋዴ ነው?

ማታ እራት ላይ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጎ ደወለ። ሰውየው እንደ ልማዱ ጨዋ ነው፤ አይዞህ፣ ና ብቻ፣ አለው። ስልኩ ሲዘጋ ቀለሟ ጉርሻዋን ይዛ ቀረች። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ሰው የምትለየው በድምፁ ነው።

«አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ የትናንቱ አይደለም።»

ሂሩት ማዕዱን ገፋችው። «የልጄን ዓይን ለሌባ አስረከብከው!»

ሲነጋ አሻግሬ አርጆ ነበር። ቋሚዎቹ ላይ ማገር እየተመታ ነው፤ ቆርቆሮው አጥሩ ሥር ተከምሯል።

«አዴ ድርቤ፣ ብሬን ይመልሱልኝ።»

«ብሩማ ይኸውልህ፣ ትናንትናውኑ ቆርቆሮ ሆነ። ምን አስፈራህ? ልጄ ይሰጥሃል» አሉና በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በጣሳ ሞልተው አስታቀፉት። «ፊትህ ይብላ። ከሳ ወይስ ወፈረ፣ አይተህ ትነግረኛለህ።»

ሴትዮዋን ሊጠላ ፈልጎ አልቻለም። ፖሊስ ጋ እንዳይሄድ ሕገወጡ ምንዛሪ ራሱንም ያስይዛል። እንዳይቀር ደግሞ የቲኬቱ ገንዘብ አይመለስም፣ የሆስፒታሉ ቀጠሮም ካለፈ አለፈ። መላወሻ አጣ። ጣሳውን በአንድ እጁ፣ ቀለሟን በሌላው ይዞ ተሳፈረ።

ናይሮቢ ውስጥ «ኢቢሳ ልኮኝ ነው» ያለ አንድ ልጅ ከሆቴሉ ወስዶ ኢስሊ ሰፈር፣ ከሱቆች በላይ ያለች መስኮት አልባ ክፍል አስገባቸውና በሩን ከውስጥ ቀረቀረ። ስድስት ወጣቶች ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። አሻግሬ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ። ፍንጭትም የለም፣ ጠባሳም የለም።

«ኢቢሳ የታለ?»

ሁለቱ ተያይተው በዝቅታ ተነጋገሩ። አሻግሬ ከወንበሩ ጠርዝ ሳይርቅ ልጁን ጉያው ውስጥ ከተታት። አገር ቤት ጮሆ የሚደርስለት ጎረቤት አለው፤ እዚህ ማን አለው?

ትልቁ ልጅ ከፍራሹ ሥር ፌስታል አውጥቶ ፊቱ ዘረገፈው። ዶላር ነው፤ የተጨማደደ፣ አምስት፣ አስር፣ አንድም ጭምር። አሻግሬ ሁለቴ ቆጠረው። ሙሉ ነው።

«አባዬ» አለች ቀለሟ በሹክሹክታ፣ «የስልኩ ሰዎች ሁለቱም እዚህ አሉ።»

አሻግሬ ግራ ገብቶት ጣሳውን አቀረበላቸው። ከፈቱት። የቅቤው ሽታ ክፍሉን ሲሞላ አንደኛው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የቀሩት ከአንድ ጣሳ ጎረሱ።

«ዋጋውን የቀነስንልህ ለዚህ ነው» አለ ትልቁ አፉን ጠርጎ። «ስትመለስ እናቱን፣ ኢቢሳን አየሁት በላት፣ ወፍሯል በላት፤ እኛ ከቀበርነው ሦስት ዓመት ሆነው።»