ሙሉ የሚከፍለው ደብዳቤ

ብርቅታይት የወንድሟን የፖስታ ሳጥን ቁልፍ የያዘችው፣ ወንድሟ ይስሐቅ ቀን ቀን ስለሚተኛ ነው። ይህን የምትለው እሷ ናት። ይስሐቅን የጠየቀው የለም።

ይስሐቅ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ይኖራል፤ በአንድ ካዚኖ በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋል። ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል። በአባቱ ስም ዮፍታሄ ብሎ የሰየመው አንድ ልጅ አለው። ልጁ ዘንድሮ ሃይስኩል ይጨርሳል። ውጤቱ ጥሩ ነው፣ ገንዘብ ግን የለም። ሙሉ የሚከፍልለት ኮሌጅ ካልተገኘ ከአባቱ ጎን ቆሞ መኪና ፓርክ ማድረጉ ነው።

ገንዘቡ ለምን እንደሌለ ብርቅታይት ታውቃለች።

"ቁማር" ትላለች።

ማስረጃም አላት። ይስሐቅ ማክሰኞና ሐሙስ ሺፍቱ ከመድረሱ ሦስት ሰዓት ቀድሞ ከቤት ይወጣል። በእነዚያ ቀናት ኦቨርታይም ቢለምኑት እንኳ እሺ አይልም። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ሐሌሉያ እዚያው ካዚኖ ክፍል ታጸዳለችና ጠየቀቻት።

"እኔ ከሺፍት በፊት አይቼው አላውቅም" አለች ሐሌሉያ።

"ታዲያስ፤ በሚሠራበት ቢጫወት ይባረራላ። ሌላ ካዚኖ ነዋ የሚሄደው።"



አንድ ቀን ደግሞ ብርቅታይት ጃኬቱን ልታጥብለት ኪሱን ስትፈትሽ ጉራጅ እርሳስና የታጠፈ ወረቀት አገኘች። ወረቀቱ ላይ ቁጥርና የእንግሊዝኛ ፊደል ተደባልቆ ተጽፏል፤ ተሰርዟል፤ እንደገና ተጽፏል።

"ይሄ የማሽን ማሸነፊያ ቀመር አይደለም? መኪና የሚያቆም ሰው እርሳስ ምን ይሠራለታል?"

"እትዬ፣ ተይው" አለ ይስሐቅ፤ ወረቀቱን ተቀብሏት አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ንጹሕ ሰው እንዲህ አይወጣም፣ አለች በልቧ።

የልጁን ነገር ግን ለቁማርተኛ አልተወችም። ዮፍታሄ ያመለከተባቸውን ኮሌጆች በዋጋቸው ደርድራ ካርቶን ላይ ጻፈችና ፍሪጁ ላይ ለጠፈች። ርካሹ የአሪዞናው ከላይ፣ ውዱ የካሊፎርኒያው ከታች።

"ይሄ የሀብታም ልጅ ነው፤ እርሳው" አለችው የታችኛውን በጣቷ እየመታች።

"አንቲ፣ ሜሪት ስኮላርሺፕ አለ፤ በውጤት የሚሰጥ። ሌተር ሳይመጣ ዋጋው አይታወቅም።"

"ዋጋውማ ይኸው ተጽፏል።"

ደብዳቤዎቹ መጡ። ውዱ የካሊፎርኒያው ከዋጋው እጅግ ቀነሰና ከርካሹ በታች ወረደ፤ ያም ሆኖ የቀረው ለይስሐቅ ደመወዝ ተራራ ነው። ርካሹ የአሪዞናው ሰባራ ሳንቲም አልሰጠም። ለፓስተሩ ልጅ ለሶሲ ግን፣ ውጤቷ ከዮፍታሄ ለሚያንሰው፣ ያው ኮሌጅ አፈሰሰላት። ብርቅታይት ካርቶኑን ሦስት ጊዜ ሰርዛ ጽፋ፣ በመጨረሻ ገንጥላ ጣለችው።

"ዋጋ ለጥፎ ሌላ ዋጋ በሆዱ የሚይዝ ምን ዓይነት ሱቅ ነው? ለማን ስንት እንደሚቀንስስ በምን ያውቃል?"

"ማንም አያውቅም፣ አንቲ። እነሱ ናቸው የሚያውቁት።"

ቁማርተኛ የምትጠየፈው ብርቅታይት ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከሰመርሊን፣ እየነዳች መጥታ፣ ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ ከትታ፣ ዓይኗን ጨፍና ትስብ ጀመር።

በስም ጉዳይ ደግሞ አትታማም። ዮፍታሄ አንደኛ ክፍል ሲገባ የትምህርት ቤቱ ካርድ "ይስሐቅ፣ ዮፍታሄ" ብሎ ቢመጣ፣ ልጁን በአባቱ ስም ጻፋችሁት ብላ ጸሐፊዋን ተቆጥታለች። ጸሐፊዋ በሁለቱ ስሞች መካከል ያለችውን ኮማ በብዕሯ ጫፍ ነካች። ለካስ አሜሪካኖች የአባትን ስም ያስቀድማሉ፤ ኮማ ያደርጋሉ፤ ከዚያ የልጁን ያስከትላሉ። ብርቅታይት ይህን ያላስተማረችው ምእመን የለም።

በሚያዝያ መጨረሻ፣ እዚሁ ከተማ ካለው ዩኒቨርሲቲ ወፍራም ፖስታ መጣ። ዮፍታሄ እዚያም አመልክቶ ነበር፤ እሷ ግን ለቁማርተኛ አባቱ ቤት ይቀርባል ብላ ካርቶኑ ላይ እንኳ አልጻፈችውም። ፖስታው ላይ "ይስሐቅ ዮፍታሄ" ይላል። ያው እንደ ልማዳቸው፣ አለችና ቀደደችው። ከእንግሊዝኛው የምታውቀው "ፉል"፣ ሙሉ፣ የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። እሷም በቃቻት።

ለማንም ሳትናገር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያን በማስታወቂያ ሰዓት ላይ፣ ወጥታ ማይክ ተቀበለች።

"ወገኖቼ፣ አባት ማሽን ላይ ያፈሰሰውን ጌታ ለልጁ መለሰለት። አራት ዓመት ሙሉ፣ የሚበላው የሚያድርበት ሳይቀር፣ ተከፍሏል።"

ጉባኤው ዞሮ የኋላውን ወንበር አየ። ይስሐቅ ለሺፍቱ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ተቀምጧል፤ እርሳሱ ደረት ኪሱ ላይ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ።

"አያችሁት? እርሳሷን እዚህም ይዟት መጥቷል" አለች ብርቅታይት። "ና ዮፍታሄ፣ አንተው አንብብላቸው።"

ልጁ እየሮጠ ወጣ። ደብዳቤውን ተቀብሎ አናቱን አየ። ፈገግታው ቆመ። ሁለተኛውን ገጽ ገለጠ፤ እዚያ የማታ ኮሌጅ የአልጀብራ ውጤት ተጽፏል፤ ተመልሶ የመጀመሪያውን አየ።

"አንብብ እንጂ፤ እንግሊዝኛ ጠፋህ?"

ዮፍታሄ ቀና ብሎ ወደ ኋላው ወንበር ተመለከተ።

"አባ፣" አለ በማይኩ፣ "ኮማ የለውም። ያንተ ነው።"