ከግራር አፋፍ የሸሸው ፌርማታ

በሕይወቴ እምላለሁ፣ የማወራው ሁሉ እውነት ነው፤ ብዋሽ ዕድሜዬ እዚችው ላይ ይቆረጥ!

ድሮ ከአርብ ገበያ ወደ ንፋስ መውጫ የሚሄደው መኪና በሳምንት አንዴ ነበር የሚመጣው። ያረጀ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ነው። ግን ግራር አፋፍ ድረስ ወጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይቆማል። ሹፌሩ ለሰው ቀርቶ ለዶሮም ያቆም ነበር፤ እንቁላሏን ጥላ እስክትሳፈር ይጠብቃታል።

ኋላ ሚኒባስ መጣ፤ በቀን ሦስት ጊዜ። አገሩ እልል አለ። መኪናው ሲበዛ ግን ፌርማታው ይሸሽ ጀመር። በመጀመሪያው ዓመት ወደ ድልድዩ ወረደ። በሁለተኛው ወደ ወፍጮ ቤቱ። ዘንድሮ ታች መገንጠያው ላይ ሆነ፤ እዚያ ለመድረስ ጤነኛ ሰው ሁለት ሰዓት ይሄዳል፣ ሰነፍ ስንቅ ቋጥሮ ይነሣል።

ደግነቱ ባጃጅ ብቅ አለ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ ዘንድሮ ሦስት።

«የደምሌ ናቸው» አለ አገሩ በአንድ አፍ። ደምሌ የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ነው፤ ፉጨቱ ከሥራው ይበልጣል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ተሰበሰበ። ሰርኬ ወሯ ገብቷል፤ ሐኪም «ንፋስ መውጫ መጥተሽ ውለጂ» ብሏታል።

«አያ ማሬ፣ ይቺን ሆድ ይዤ መገንጠያ ልወርድ ነው?» አለች። «ቁልቁለቱ ላይ ነው የምገላገለው!»

የአገሩ ሽማግሌ አያ ማሬ በዱላቸው መሬቱን ወጉት። «እኔ እያለሁ? ፌርማታው ይመለስልን የሚለውን ማመልከቻ እንዳምናው እኔው እጽፋለሁ፣ ለመናኸሪያውም እኔው አደርሳለሁ።»

ጻፉ። ሁሉም ፈረመ። ያነበበው የለም፤ ሽማግሌ የጻፈውን አንብቦ መፈረም ሽማግሌውን ሌባ እንደማለት ነው። አያ ማሬም ወረቀቱን በጋቢያቸው ሸሽገው በባጃጅ ወረዱ። ሹፌሩ ይርዳው ሒሳብ ሲሰጡት እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

«ኧረ ከእርስዎ አልቀበልም!»

«ሽበት እንዲህ ሲከበር ደስ ይላል» አለ ያየ ሁሉ።

በሳምንቱ መልሱ መጣ። ፌርማታው ከመገንጠያው ተነሥቶ ወንዝ ተሻግሮ ሄደ። አራተኛው ባጃጅም አብሮ መጣ።

«ደምሌ እልኸኛ ነው! ማመልከቻ በጻፍን ቁጥር ያርቅብናል» ብለው አያ ማሬ ረገሙት። አገሩም ተከትሎ ረገመ።

ሐሙስ ዕለት የሰርኬ ምጥ መጣ። ይርዳው ነዳ፤ ድንጋዩ ባጃጁን እንደ ገብስ ቆላው። ሚኒባሱ ዘንድ ሳይደርሱ፣ ወንዙ ዳር፣ ባጃጁ ውስጥ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ልጁ ሲያለቅስ ደብረ ታቦር ተሰማ ይባላል።

ሰው ሊጠይቃት ሲሰበሰብ ልጇን አቅፋ፣ «ባጃጅ ባይኖር ሞቼ ነበር። ባለቤቱ ያ ደምሌም ቢሆን እግዜር ይባርከው!» አለች።

«አሜን» አሉ አያ ማሬ፣ ከሁሉ ቀድመው።

ምያለሁና አንዲት ትንሽ ነገር ልናዘዝ፤ ማሬ የሚለውን ስም ለራሴ ፈጥሬዋለሁ፣ በአራቱ ባጃጆች ሊብሬ ላይ የተጻፈው ስሜ ሌላ ነው።