የእድሩ ድምፅ ማጉያ

«እንደ ወትሮዎ ይናገሩበት አባቴ፣ ድምፁን ልስማው» አለች ዕቃውን የሸጠው ኩባንያ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ በስልክ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ አቶ ደግሰው ግራ ገባቸው። ከሰቆጣ ወጣ ባለው ጉብታ ላይ ቆመው፣ በጥሩምባው ፋንታ የተገዛውን ድምፅ ማጉያ አገላብጠው አዩት። ሲደውሉ ይህ አምስተኛቸው ነው፤ ባትሪ ይቀይሩ ሲሏቸው ቀይረዋል፣ አጥፍተው ያብሩት ሲሏቸው አጥፍተው አብርተዋል፤ ይኸ ዲዳ ዕቃ ግን ትንፍሽ አላለም።

«ልጄ፣ እኔ በዚህ የምናገረው መርዶ ብቻ ነው።»

«ችግር የለውም፣ ሙከራ እኮ ነው።»

የማንን ስም ይጥሩ? ቁልቁል ቤቶቹን አዩ። አንዱ ቤት አራስ አለች፤ ከጎኑ ያሉት ሽማግሌ አልጋ ከያዙ ወር ሆኗቸዋል። የሰው ስም ጠርቶ ማሟረት ደግሞ ነውር ነው። ቢቸግራቸው ቁልፉን ተጭነው «አቶ ደግሰው አርፈዋል፤ ቀብር ውጡ!» አሉ።

የእሳቸው የማይመስል ሻካራ ድምፅ ሸለቆውን ሞልቶ ከማዶው ተራራ ተመለሰ።

«ይኸው ሠራ!» አለች ልጅቷ ደስ ብሏት።

ከታች አንድ በር ተከፈተ፤ የገዛ ቤታቸው በር። ባለቤታቸው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ደረታቸውን እየደቁ ወጡ። ጎረቤቱም እየጮኸ ተከተላቸው። አቶ ደግሰው ቁልፉን ደጋግመው ተጫኑት። «አለሁ! ኧረ አለሁ!» ዕቃው እንደገና ዲዳ ሆኗል።

«አባቴ» አለች ልጅቷ፣ «ችግሩ ተፈቷል ብዬ አቤቱታዎን ልዝጋው?»