ስምንት የግራ እጅጌ

«እቴቴ... አንቺ ከዛሬ ጀምሮ ቤትሽ ገብተሽ እረፊ። ይሄን ሥራ ብቻዬን እጨርሰዋለሁ!»

የልብስ ሰፊው ታላቅ እህት ክር እየበጠሰች ቀና አለች።

«ምን ነካህ አንተ? አራት ኮት እኮ ነው... እስከ ቅዳሜ!»

«ሻምበል ብረቱ ረዳት የለውም።»

በቃ! ይቺን ብሎ ስፌት ማሽኑ ላይ ተሰየመ።

ሻምበል ብረቱን የማታውቁ ካላችሁ... የፊልም ጀግና ነው። ብቻውን ገብቶ መቶ ሰው ዘርሮ የሚወጣ፣ ከኋላው ፎቅ ሲፈነዳ ዞር ብሎ እንኳን የማያይ ጉደኛ!

የኛን ልብስ ሰፊ ደግሞ ሰፈሩ «አቶ ነገ» ነው የሚለው።

ሱሪ አሳጥርልኝ ስትሉት... «ነገ»።

ዚፕ ቀይርልኝ... «ነገ»።

አንዷ ደንበኛው ለእርግዝና ያሰፋችውን ቀሚስ ልትወስድ ስትመጣ ልጇ በእግሩ እየሄደ አብሯት መጣ አሉ። ሃሃሃ...

ደንበኛው ሁሉ አንድ በአንድ ሸሸ። ሱቁን የከፈተችውም፣ መቀስ አያያዝ ያስተማረችውም እህቱ ናት። በመጨረሻ እሷም «ይሄ የኮት ትዕዛዝ ቅዳሜ ካልደረሰ ሱቁን እንዘጋለን» አለችው።

ያኔ ባነነ!

የሻምበሉን ፊልሞች እንደ አዲስ ተቀምጦ አየና ለራሱ ሕግ አወጣ።

ሻምበሉ ቦምብ ሲያከሽፍ ስልክ አያነሳም... ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። (እውነቱን ለመናገር ይቺ ሠርታለች! ተሰቅለው አቧራ የጠጡ ሱሪዎች ባንድ ጠዋት አለቁ።)

ሻምበሉ ምሳ ሲበላ ታይቶ አይታወቅም... ምሳ ቀረ።

ሻምበሉ ወደኋላ አያይም... የሠራውን መለስ ብሎ ማየት ቀረ።

ሻምበሉ ብቻውን ነው... እቴቴ ቤቷ ገባች። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ኮቶቹን ያዘዘው ትንሽ የሚያነክስ፣ ፂሙ የሸበተ ሰውዬ ነው። ጨርቁን ራሱ አምጥቶ «አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ... አንዱን ብቻ ሰፋ አድርገው» ብሎ ነበር።

«ወንድማማቾች ናችሁ እንዴ?» ሲለው...

«እንደዛ በለው» ብሎ ስቆ ሄደ።

አርብ ደረሰ። የኮቶቹ አካል አልቆ እጅጌ መግጠም ተጀመረ።

የግራው ልክክ አለ።

የቀኙ... እምቢ! ክርኑ ወደኋላ ዞረ።

ሌላ አነሳ... እሱም እምቢ!

ነገሩ እንዲህ ነው... እጅጌ ሲቆረጥ ጨርቁ ፊትና ፊቱ ተጋጥሞ ይታጠፋል። አንዱ የቀኝ፣ አንዱ የግራ ሆኖ ይወጣል። የኛ ጀግና ግን ጊዜ ላተርፍ ብሎ ሁሉንም ፊቱን ወደ ላይ ደራርቦ ባንድ ጊዜ ቆርጦት ኖሯል።

ስምንቱም እጅጌ የግራ!

እቴቴ ብትኖር ገና ጨርቁ ሲነጠፍ ትጮህበት ነበር።

ራሱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ እንዳለ... ሰውዬው «እንዴት ነው ኮቱ?» እያለ ገባ።

ልብስ ሰፊው እጅጌዎቹን ዘርግቶ አሳየው።

«ይቅርታ ጋሼ... እንደ ሻምበል ብረቱ ብቻዬን ልወጣው ብዬ...»

ሰውዬው ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ስማ ልጄ... እነዚህ ኮቶች የማን እንደሆኑ ታውቃለህ?»

«የእርስዎና የወንድሞችዎ አይደሉም?»

«የሻምበል ብረቱ ናቸው! ለአዲሱ ፊልም።»

«አራቱም?!»

«አራቱም! አንዱ መልከ መልካሙ ነው... እሱ ያወራል። አንዱ ሞተር ይነዳል። አንዱ ይደባደባል። ሰፋ ያለው ኮት የኔ ነው... ከሥሩ መከላከያ እለብስበታለሁ። ከፎቅ የምወድቀው እኔ ነኝ!»

ልብስ ሰፊው ከመሬት ተነሳ። ሰውዬው ቀጠለ...

«ብቻውን የሚባል ሻምበል የለም። ምሳችንን ሳንበላ ካሜራ አይነሳም። የቀረጽነውን ደግሞ ቁጭ ብለን ደጋግመን እናየዋለን።»

ከዛ በኋላ ሰውዬውን ሱቅ ውስጥ ትቶት ሮጠ... እቴቴ ቤት!

በሩን ስትከፍትለት ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«እቴቴ... ስምንቱም የግራ ሆነብኝ። ያላንቺ አልቻልኩም።»

መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አነሳች... መቀሷ እዛው ውስጥ ነው። መለኪያ ሜትሯም፣ የጣት መከላከያዋም። ከሱቅ ከወጣች ጀምሮ አንዱንም አላወጣችውም።

«ምን ታደርጊበታለሽ ቤት ውስጥ?» አላት።

«ልክ እንደዚህ በሩን ስታንኳኳ እንዳልዘገይ ነዋ!» አለችው።

ተያይዘው ሱቅ ተመለሱ። ከተረፈው ጨርቅ ሦስት የቀኝ እጅጌ በግድ ወጣ። ለአራተኛው ቁርጥራጭ ብቻ ቀረ።

«የኔን ቀጣጥላችሁ ስፉት» አለ ሰውዬው። «ከፎቅ ስወርድ ስፌቴን የሚያይ የለም!»

ቅዳሜ ኮቶቹ ተተኩሰው ጠበቁት። ሱቁ አልተዘጋም። ልብስ ሰፊው ዛሬም ከእህቱ ፊት ለፊት ነው የሚሰፋው... ጨርቅ ባነጠፈ ቁጥር «እቴቴ፣ እስቲ እይልኝ» ሳይል መቀስ አያነሳም።

ወዳጆቼ... ቶሎና ጥሩ የሚሠራ ሰው ስታዩ ብቻውን የሠራው አይምሰላችሁ። «እስቲ እይልኝ» ማለት አያሳንስም... ስንት ጨርቅ ከመበላሸት ያድናል!

እናንተስ... «ላግዝህ፣ ላግዝሽ» ብሏችሁ «አያስፈልግም» ያላችሁት ሰው ማነው? ኮሜንት ላይ ንገሩን... ከዛ ደግሞ ደውሉለት። ምናልባት ቦርሳውን አዘጋጅቶ እየጠበቀ ይሆናል።